አሥረኛው ቤት

እህቴ በአንድ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ዓመት ምግብ አብስላለች። ከሞተች አራት ወር ሆናት። ልጆቹ «እትዬ በረዶ» ይሏት ነበር፤ አንድም አይስክሬም ስለምትሠራላቸው፣ አንድም እጇ በጋ ከክረምት ቀዝቃዛ ስለነበረ። ልጅ ሲያተኩሰው ሞግዚቷ ኩሽና ድረስ ታቅፋው ትመጣና «እስቲ እጅሽን አውሺኝ» ትላታለች። እህቴ መዳፏን ግንባሩ ላይ ታሳርፋለች። ልጁ ዝም ይላል።

ማቆያው ከዘጠኝ ልጅ በላይ አይቀበልም። ኩሽናው ደግሞ ሁለት ሰው ከገባበት በተራ ነው የሚተነፈሰው። ያለው አንድ መስኮት ነው፤ ወደ ጓሮ ያያል። ጓሮው ዙሪያውን በግንብ የታጠረ ሲሆን ከኩሽናው በቀር በር የለውም።

አይስክሬሙን የምትሠራው ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ነው። ፍሬውን ራሷ ገበያ ወርዳ ትመርጣለች፤ ሻጮቹ ሊጥሉት ያሰቡትን የለሰለሰ ማንጎ፣ ልጣጩ የጠቆረ ሙዝ። «ስኳሩ ያለው ሰው በናቀው ፍሬ ውስጥ ነው» ትላለች። ሌላ ስኳር አትጨምርም። ማንጎውን ፈጭታ በወንፊት ታጠልለዋለች፤ ቃጫው የልጆቹ ጥርስ መሀል እንዳይገባ። ሐብሐብ ብቻውን ሲሆን እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር ሙዝ ታክልበታለች። እንጆሪ ስታገኝ አትፈጨውም፤ በስሱ ቆርጣ አይስክሬሙ ከሚረጋበት ቅርጽ ጎን ጎን ትለጥፈዋለች፣ ልጆቹ ከመላሳቸው በፊት እንዲያዩት።

ቅርጹ አሥር ቤት ያለው ፕላስቲክ ነው። እስከ አፉ አትሞላውም። «ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣል፤ ቦታ ተዪለት» ትለኝ ነበር። መያዣ እንጨቱንም ቶሎ አትሰካም፤ እንዳያጋድል ፈሳሹ ትንሽ እስኪጠና ትጠብቃለች። ሲደርስ ቅርጹን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጋ ታወጣዋለች፤ በቀስታ ስትስበው እየተንሸራተተ ይወጣል።

ዘጠኙን ቤት በፍሬ ትሞላለች። አሥረኛውን በውሃ። አፍልታ ያቀዘቀዘችው ንጹህ ውሃ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም።

«እትዬ በረዶ፣ ያቺ ነጯ የማን ናት?» ይሏታል።

«የማይቸኩል ልጅ ናት።»

«እኔ አልቸኩልም!»

«አንተማ እንጨቱንም ልትውጠው ምን ቀረህ?»

ልጆቹ የየራሳቸውን ይዘው ወደ ደጅ ሲሮጡ ነጩን አውጥታ በብርጭቆ ታቆመውና መስኮቱ ላይ ታስቀምጠዋለች። በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ሲተኙ ትመለሳለች። በረዶው የለም። ይሄ አይገርምም፤ በረዶ ይቀልጣል። ብርጭቆው ግን ደረቅ ነው። እንጨቱ ውስጡ እንዳለ ነው፤ እሱም ደረቅ።

«ድመት ናት» ይላል ዘበኛው።

«ድመት ምን በወጣት በረዶ የምትልሰው?» ትለዋለች ሞግዚቷ።

«የዚህን ቤት ሾርባ ቀምሳ ከሆነ ምን ታድርግ?»

እህቴ ማማሰያ አንስታ ታባርረዋለች፤ እሱም እየሳቀ ይወጣል። ግን ልብ ብዬ አየሁት፤ ከዚያ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ምሳውን በልቶ አያውቅም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ ዓርብ ስፌቴን ይዤ ሄድኩና ብርጭቆውን ፊት ለፊቴ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዓይኔን አልነቀልኩም። በረዶው ጥርት ብሎ ቆሟል፤ ከሥሩ ትንሽ ማላብ ጀምሯል። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ጣቴን አየሁ፣ ቀና አልኩ። ብርጭቆው ደረቅ ነበር። ስፌቴን ሰብስቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እህቴ አንድ ልጅ ነበራት። በሰባት ዓመቱ ሆዱን ታሞ ሆስፒታል ገባ። ጠዋት ቀዶ ሕክምና ስለሚደረግለት ምንም በአፉ እንዳይገባ ተባለች። ጠዋት የተባለው ከሰዓት በኋላ ሆነ። ልጁ ውሃ ለመናት። «ቆይ የኔ ጌታ፣ ስትወጣ» አለችው። ደግሞ ለመናት። ደግሞ ያንኑ አለችው። በመጨረሻ ዘዴ ያገኘ መስሎት፣ «እሺ በረዶ ስጪኝ። በረዶ እኮ መጠጥ አይደለም፤ ይላሳል እንጂ» አላት። በሐሳቡ ስቃ፣ «ስትወጣ» አለችው። አልወጣም።

ይህን የነገረችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ልብስ እያጠብን፣ ፊቷን ሳታዞር። ከኔ በቀር ለማንም አልተናገረችም። የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። ሐኪሞቹም ልክ ነበሩ። ይህን ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፣ ምንም አልጠቀማትም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ልጅ ሲያበላ «በሞቴ» እያለ ሲለምን እሷ ግን አትልም፤ በኩሽናዋም ሰው እንዲል አትፈቅድም።

ልጁ ከሞተ ዓመታት አልፈው፣ የኔ ልጅ አራት ዓመቷ ነበር። ቅጥንጥን ያለች ዘላይ ስለነበረች «ፌንጣ» እንላታለን። አክስቷ የምትሠራበትን ማቆያ በዓይኗ አይታው አታውቅም። አንድ ማክሰኞ ትውከትና ተቅማጥ ያዛት። ጤና ጣቢያ ወስጃት በውሃ የሚበጠበጥ መድኃኒት ሰጡኝ። «በማንኪያ ቀስ እያልሽ አጠጫት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልጠጣች መልሰሽ አምጫት» አሉኝ። አልጠጣ አለች። ማንኪያውን ባየች ቁጥር ጥርሷን ትገጥማለች። ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ስታለቅስ እንባ የላትም። ለእህቴ ደወልኩላት።

ቅርጹን እንዳለ በፎጣ ጠቅልላ፣ በበረዶ ሳጥን ይዛ መጣች። ማቆያው ያን ቀን አይስክሬም አልበላም። ፌንጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ቀዝቃዛ እጇን ጀርባዋ ላይ አደረገች።

«ፌንጣዬ፣ ማንጎ አለ።»

ፌንጣ አልዞረችም።

«ሐብሐብ በሙዝስ? ብርቱካን? እንጆሪ እኮ አለበት፣ ከነቀይ ልብሱ።»

ፌንጣ ራሷን ነቀነቀች።

«እሺ ምን ላምጣልሽ፣ የኔ እመቤት?»

«ነጩን።»

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ሳጥኑ እንደተዘጋ ነው። ልጄ ዞራ አላየችም፤ ነጭ እንዳለም የነገራት የለም።

«የቱን ነጭ?» አልኳት እኔ። «አንድ ማንኪያ መድኃኒትሽን ጠጪና...»

«አልጠጣም። በረዶ እኮ መጠጥ አይደለም፤ ይላሳል እንጂ።»

ይህን ስትል ድምጿ የራሷ ነበር፤ ደካማ፣ የታመመ፣ የልጄ ድምፅ። ቢቀየር ይሻለኝ ነበር።

እህቴ እጇን ሳጥኑ ክዳን ላይ አሳረፈች። የምታስበውን አውቃለሁ። ልጇ ከሞተ ጀምሮ ማክሰኞም ዓርብም ነጩን አንድም ቀን አላጎደለችበትም። አሁን የሱን ለፌንጣ ሰጥታ ደግማ «ቆይ» ልትለው ነው። ልለምናት ብዬ ተውኩት፤ እኔ የምለምነው ነገር አልነበረም።

ሳጥኑን ከፈተች። ቅርጹን ከነፎጣው ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ለብ ባለ ውሃ ፈንታ አሥረኛውን ቤት በሁለት መዳፏ ያዘችው። እጇ ቀዝቃዛ ስለሆነ ለመልቀቅ ብዙ ቆየ። ሲወጣ የልጄ ከንፈር ላይ አስነካችው።

«ላሺ» አለች። ቀጥላም፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ከአፏ ያልወጣውን ቃል፣ «በሞቴ።»

ፌንጣ ላሰች። መጀመሪያ በምላሷ ጫፍ፣ ከዚያ በከንፈሯ። እስኪያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ደረቅ እንጨቱን ለአክስቷ መለሰችና «ብርቱካን» አለች። ከብርቱካኑ በኋላ መድኃኒቱን በማንኪያ ተቀበለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ መልሼ ሳሳያት «ይቺማ ድናለች፣ ምን አድርገሽ ነው?» አሉኝ። በረዶ አላስኳት አልኩ።

ዓርብ ዕለት እህቴ እንደ ወትሮው ዘጠኝ ፍሬ፣ አንድ ውሃ ሠራች። አብሬያት ሄጄ ነበር። ልጆቹ ተኝተው ስንመለስ ብርጭቆው ውስጥ ውሃ አለ። እንጨቱ ዘመም ብሎ ተንሳፍፏል። እንደ ማንኛውም ቀልጦ እንደቀረ በረዶ ነው።

«ተቀየመኝ» አለች።

«ወይም ጥሙን ቆርጧል» አልኳት።

ብርጭቆውን አነሳች። ውሃውን አልደፋችውም፤ ቆማ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ከዚያ ወዲያ ማክሰኞም ዓርብም ብርጭቆው ውሃ እያቆረ ይጠብቃት ነበር፣ እሷም ትጠጣዋለች። እስክትሞት ድረስ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አላወቀችም። እኔም አላውቅም።

ቅርጹ አሁን እኔ ቤት ነው። ፌንጣ አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤት ልጆች ጋር ዘጠኝ ሆነው ይመጣሉ፣ እኔም እህቴ እንዳሳየችኝ እሠራለሁ። አሥረኛውን ቤት በውሃ እሞላለሁ፤ ባዶ ልተወው እጄ እምቢ ስላለኝ ነው። መስኮቱ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ይቀልጣል፤ ውሃውን አበባው ሥር አፈሳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የማፈሰው ውሃ አልነበረም። ጣቴን አስገብቼ ብርጭቆውን ዳሰስኩት። ደረቅ ነው፣ እንደ እህቴ እጅ ቀዝቃዛ።

ዛሬ ጠዋት ማንጎውን ፈጭቼ ካጠለልኩ በኋላ ሁለት ቤት በውሃ ሞላሁ። ሁለት ብርጭቆም ጎን ለጎን አቆምኩ። የፌንጣ ትልቁ ልጅ ቆጠረና ፊቱን አኮሳተረ።

«እማማ፣ ስምንት ብቻ ነው ያለው። አንዱ ሊቀርብን ነው።»

«ተካፈሉ» አልኩት።

«ሁለቱ ነጮች የማን ናቸው?»

«የማይቸኩሉ ሰዎች ናቸው» አልኩና ፍሪጁን ዘጋሁ።