የጎደጎደ ሰፌድ

ልጄ ሰፌድ ልትሰፋበት የነከረችው የዘንባባ ቅጠል ሽታ ቤቱን ሲሞላው፣ እዚሁ በስደት በምንኖርበት ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ያደግኩባት ጠባብ ክፍል ትመጣብኛለች።

አክስቴ ስፌት ያስተማረችኝ በከሻ ሰሞን ነው፤ ፖሊሶች ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከየቤቱ በሚያፍሱበት ጊዜ። እንዳላለቅስ ብላ ወስፌ አስጨበጠችኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን የብረት በር ተደበደበ። ስፌቱን ትቼ ወደ በራችን ዞርኩ።

«ያላ፣ ዓይንሽ ከወስፌው እንዳይነሳ» አለችኝ በሹክሹክታ። «በሩን እኔ አዳምጥልሻለሁ።»

ሰፋሁ። መኪናው ጎረቤታችንን ጭኖ ሲሄድ አክስቴ ሥራዬን አንስታ አየችው። ዝርግ መሆን የነበረበት ሰፌድ ጠርዙ ተነስቶ እንደ ሳህን ጎድጉዷል።

«ስትፈሪ እጅሽ ስፌቱን ያጠብቃል፤ ስፌት ሲጠብቅ ሰፌድ ይጎደጉዳል» አለች። ፈትተሽ እንደገና ስፊው ግን አላለችኝም። ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ የሰቀለቻቸውን የራሷን ሰፌዶች አየሁ። አንድም ዝርግ አልነበረም።

አሁን ደጃችን ላይ መኪና ቆመ።

«እማዬ፣ ማነው?» አለች ልጄ።

«ማንም አይደለም። አንቺ ስፊ፤ እኔ አዳምጥልሻለሁ።»

ቀና ሳትል መስፋቷን ቀጠለች። የሰፌዷ ጠርዝ ግን ቀስ እያለ እየተነሳ ነው።