የስድስት ሰዓቱ ስልክ

ሰሞኑን አንድ ኮምባይነር አሰላን አቋርጦ ወደ ሁሩታ ሲያልፍ አቧራው ቦነነብኝና ወዲያው አንገቴን በላኝ። ገለባ መቼ ነካኝ? ግን አንገት አይረሳም። ናፍጣና ትኩስ ጭድ አንድ ላይ ሲሸቱኝ፣ ጆንያ ሰፊ ሆኜ የሠራሁበት የአጨዳ ወቅት መጣብኝ።

የማሽኑ ባለቤት አለቃችን ነበሩ፤ ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላቸው። ሲጮኹ ሞተሩ ይሻላል፤ ቁጣቸው ግን ቶሎ ያባራል። ኦፕሬተራችን የአቦምሳ ልጅ ነው። እሱ ያጨደው ማሳ ላይ ቃራሚ ገብቶ ባዶ እጁን ነበር የሚመለሰው! ስድስት ሰዓት ላይ ሞተሩን ሲያበርድ መሰላሉ ላይ ተቀምጦ እናቱ ጋ ይደውላል። «እማዬ፣ በላሽ ወይ?» እያለ ሜዳውን ያደነቁረዋል። እሷ በልቻለሁ ካላለችው እሱም አይበላም። እኛ ደግሞ «የእማዬ ልጅ» እያልን እንስቅበታለን።

ጭላሎ ተራራ ግርጌ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ማሳ ላይ ስንገባ ግን ልጁ ሌላ ሰው ሆነ። በየመሀሉ ያልታጨደ ስንዴ ይተዋል፤ ከጆንያው ውጭ እህል ይደፋል፤ ስንጠራው አይሰማም። እትዬ ተቆጡት፤ አልሆነም። በግ አሳረዱለት፤ አልቀመሰም። እኛም መቼም ከሐሜት አንቦዝንም፣ «ሌላ ባለማሽን አባብሎት ነው» አልን። ሽማግሌው ገበሬ ግን እንቅልፍ አጡ። ስንዴው ደርቆ መርገፍ ጀምሯል፤ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ቆሞ ይበቅላል። የቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ እሱው ነው።

አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ልጁ እንደ ልማዱ መሰላሉ ላይ ተቀመጠ። ስልኩን አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። እትዬ አጠገቤ ቆመው ያዩታል።

«አንቺ፣ ይሄ ልጅ እዚህ ከመጣን ደውሎ ያውቃል?» አሉኝ።

አልደወለም! አብሬው እየዋልኩ ልብ አላልኩም። እትዬ ሄደው ጉልበቱን ያዙት። «ልጄ፣ እናትህ ደህና ናቸው?»

«አረፈች እትዬ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ዘመዶቼ የነገሩኝ ከተቀበረች በኋላ ነው። አፈር እንኳ አላለበስኳት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«የሰው ስንዴ ሜዳ ላይ ቆሞ እኔ ለቅሶ ልቀመጥ?»

ይኼኔ እትዬ «ሸራውን አምጡ!» ብለው ጮኹ። ለእህሉ የምናነጥፈውን ሸራ ቃርሚያው ላይ ዘረጋነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቀድመው ተቀመጡ፤ እሱን አጠገባቸው አስቀመጡት፤ እኛም ዙሪያውን ተቀመጥን። ገበሬው እየሮጡ መጡ። «ሮባ! ሮባ!» ይላሉ፣ ጭላሎ ላይ የጠቆረውን ደመና እያሳዩ። ዝናብ ማለታቸው መሆኑን ለማወቅ ኦሮምኛ መቻል አያስፈልግም።

እትዬ ጉዳዩን ነገሯቸው። ሽማግሌው ደመናውን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ሸራው ላይ ተቀመጡ። «አብሽር ልጄ» አሉት። ከቤታቸውም የተቀቀለ የስንዴ ንፍሮ አስመጡ።

እሱ ያን ጊዜ አለቀሰ። እናንተዬ፣ እንዴት ያለ ለቅሶ! ማንም ዝም በል አላለውም፤ ማንም ሰማይ ሰማይ አላየም። እኔማ ያን ሁሉ ሐሜት አፌ ላይ አፈር ባደረገው ብዬ አለቀስኩ። ሲወጣለት ንፍሮውን ዘግኖ በላ። ፊቱን ታጠበና «በሉ ተነሱ፣ ስንዴው ምን አጠፋ?» አለ።

ከዚያ ወዲያ ያየነው አጨዳ ሌላ ነው። ማሽኑ ማሳውን ጥርግ አድርጎ ይሄዳል፤ ጆንያ ስሰፋ መርፌ ለመሰካት እንኳ አልደርስ አልኩ፤ እትዬ ራሳቸው ጆንያ ይዘው ቆሙ፤ ገበሬው በዚያ ዕድሜያቸው ይሸከማሉ። የመጨረሻው ጆንያ ጎተራ ገብቶ በሩ ሲዘጋ ዝናቡ ዱብ ዱብ አለ። ያገኘው ገለባ ብቻ ነበር! የገበሬው ሚስት እልልታውን አቀለጡት። ሽማግሌው ልጁን ግንባሩን ስመው መረቁት፤ እኛ ዝናቡ ውስጥ ጨፈርን።

እትዬ ማታ «ነገ ስድስት ሰዓት ላይ እኔ ጋ ደውል» አሉት። ቀልድ መስሎን ነበር። በማግስቱ እሱ መሰላሉ ላይ፣ እሳቸው ከማሽኑ ጥላ ሥር ሆነው፣ ስልካቸው ጮኸ። «እትዬ፣ በሉ ወይ?» ሲል ከላይም ከስልኩም ሰማነው። ሳቅ ገደለን።

ዛሬ እኔም ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ሰው አሠራለሁ። ሠራተኛ እንዴት እንደሚነቃቃ የሚያስተምር ሥልጠና ላይ በየጊዜው ያስቀምጡናል። እየጻፍኩ የማስበው ግን የሚያወራ ሠራተኛ ዝም ያለ ቀን ምን እንደምለው ነው።

ኮምባይነሩ ባለፈ ማግስት እትዬን ልጠይቅ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። ምሳቸው ፊታቸው ቀርቦ አልነኩትም፤ ብለምናቸው «አላሰኘኝም» አሉኝ። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ስልካቸው ጮኸ።

«ዝም በይ፣ ልጄ ነው» አሉና አንድ ትልቅ ጉርሻ ቶሎ አፋቸው ውስጥ ከተው ስልኩን አነሱ። «ኧረ እየበላሁ ነው! አንተስ?»