ፍሬን የሌለው ጋሪ

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ አውሮራ በምትባል ከተማ የታሰርኩበት ክፍል ግድግዳው ነጭ ነበር፤ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። አገሬ የታሰርኩበት ክፍል ግድግዳው ሁሉ ስምና ቀን ተጭሮበት ስለነበር፣ ገና ስገባ ከእኔ በፊት የነበሩት የተቀበሉኝ መስሎኝ ነበር። እዚህ ግን አንዲት ጭረት የለችም። በጻፍኩት ጽሑፍ ምክንያት ሸሽቼ ጥገኝነት ስጠይቅ፣ "ጉዳይህ እስኪታይ" ብለው ያስገቡኝ እዚያ ነው።

አብረውኝ የነበሩት ሽማግሌ የአዲስ አበባ ሙስሊም ናቸው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ዴንቨር ታክሲ ነድተዋል። ኤርፖርት ሲመላለሱ ስለኖሩ የአውሮፕላን ድምፅ በሰሙ ቁጥር ቀና ይሉና "ይቺ አረፈች"፣ "ይቺ ተነሳች" ይላሉ። መስኮት በሌለበት ማን ያረጋግጥባቸው! የታሰሩት ወረቀታቸው ላይ ጥያቄ ተነስቶ ነው። አገር ቤት ቢመለሱ ደግሞ፣ ድሮ በፓርቲ አባልነታቸው ምክንያት መጥቶባቸው ያመለጡት እስር ይጠብቃቸዋል።

ያም ሆኖ ትራሳቸው ሥር አንድ ፎርም ነበር፤ "በፈቃዴ ልመለስ" የሚል። ዓርብ ሊፈርሙት ወስነዋል።

"የእኔ ነገር አበቃ፣ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ ሲገፉኝ ነው የኖርኩት፤ አሁንም ይግፉኝ" አሉኝ።

ከእስር ቤቱ የመጻሕፍት መደርደሪያ ያገኘሁት ልብ ወለድ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከማስተምራቸው አንዱ ነበር። ናቹራሊዝም ይባላል አጻጻፉ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የነበረው ሳይንስ ሰውም እንደ ሌላው ፍጥረት በተፈጥሮ ሕግ የሚገዛ ነው ሲል፣ አንዳንድ አሜሪካውያን ደራሲዎች አመኑና ደም፣ ድህነትና አጋጣሚ ሰውን ወዴት እንደሚነዱት ሳያዝኑ ሳይፈርዱ ጻፉ። ይሄኛው የኮሎራዶን ተራሮች በጭነት ጋሪ ስለሚያቋርጥ የሰካራም ልጅ ነው። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላቸዋለሁ። የሹፌር ነገር ነውና ወደዱት።

"ይኼ ሰውዬ ግን አንድ ነገር እንኳ ራሱ አይወስንም እንዴ?" አሉኝ አንድ ቀን ተናደው።

"እምነታቸው ነው፣ ጋሼ። ሰው የተወለደበትና ያደገበት ነገር ውጤት ነው ይላሉ።"

"ቀደር ማለታቸው ነው?"

"አይደለም። ቀደርን፣ የሰውን ዕጣ፣ የሚወስነው አላህ ነው፤ እነሱ ዘንድ ተፈጥሮ ብቻ ናት ያለችው። እሷ ደግሞ ስለ እኛ ግድ የላትም።"

"አስተግፊሩላህ!"

ሐሙስ መጨረሻው ላይ ስንደርስ የመጽሐፉ የመጨረሻ ቅጠሎች ተገንጥለዋል። እኔ በየዓመቱ ስላስተማርኩት መጨረሻውን አውቀዋለሁ። ዓይኔ ግን ትራሳቸው ላይ ነበር። ቁልቁለት ላይ የጋሪው ፍሬን ይበጠሳል፤ ሰውዬው ፈረሶቹን በልጓም ገቶ በሰላም ከተማ ይገባል አልኳቸው። በመምህርነት ዘመኔ የሰው ድርሰት ሳጣምም የመጀመሪያዬ ነው።

ትክ ብለው አዩኝ።

"በበረዶ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ጭነት ይዞ፣ ያለ ፍሬን?"

"አዎ።"

"አንተ! እነዚህን ተራሮች አሥራ ስምንት ክረምት ወርጄባቸዋለሁ። ይሄን ሂድና ለሌላ ንገር። እንዴት ሞተ?"

አፈርኩ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ ገደል ገባ፣ በረዶ ሸፈነው፣ ተራራው እንደነበረ ቀጠለ።

እጃቸውን ወደ ትራሳቸው ሰደዱ። በገዛ እጄ አስፈረምኳቸው ብዬ ራሴን ረገምኩ።

"ቁልቁለቱን ሳይጀምር ወርዶ ፍሬኑን አየ?" አሉኝ።

"አላየም።"

"ለምን?"

"ደራሲው አላስወረደውም።"

"ይኸውልህ!" ጭናቸውን መቱ። "ቀደር ሌላ፣ ዓይን ጨፍኖ መውረድ ሌላ! አላህ የጻፈልኝን አላውቅም፤ ፍሬኔን ግን አያለሁ።"

ፎርሙን አወጡ። ሳይፈርሙ ለሁለት አጠፉትና ቅጠሎቹ በተገነጠሉበት ቦታ ከትተው መጽሐፉን ዘጉት።

ዓርብ ጠዋት ፎርሙን የምትሰበስበው የእስር ቤቱ ሠራተኛ ስትመጣ ቆመው ጠበቋት። በእንግሊዝኛ፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ፣ "ዳኛ ፊት እቀርባለሁ" አሏት። ከደስታ ብዛት እንባዬ መጣ።

ዳኛው አሜሪካ እንዲቆዩ ፈቀዱላቸው። ከሦስት ወር በኋላ እኔም ወጣሁ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ዴንቨር ውስጥ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ፤ ያንኑ ናቹራሊዝም ጭምር። ደራሲዎቹ ብዙ እውነት አላቸው። የተወለድኩበትን አልመረጥኩም፤ የታሰርኩበትንም እንዲሁ። ወደማስተምርበት በታክሲያቸው የሚያደርሱኝ እኚያው ሽማግሌ ናቸው፤ ሒሳብ እንዲቀበሉኝ ብለምናቸውም እምቢ ብለዋል። ከደጄ ሳይነሱ ፍሬኑን ሁለቴ ረገጥ ረገጥ ያደርጉና ፈገግ ብለው ያዩኛል።

"ይሠራል፣ መምህር። እንሂድ።"