የሻለቃ ጎበዜ የመጨረሻ ቁልፍ

ጠይብ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ መርካቶ ሸማ ተራ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል። ወሎዬ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ በአንድ ነገር ግን ድርቅ ያለ። የዘማች ልብስ ሰፍቶ አይጨርስም። የመጨረሻዋን የኮት ቁልፍ መሳቢያው ውስጥ ያስቀርና «ሲመለሱ እሰፋልዎታለሁ» ይላል። እናቱ ለሲራራ ነጋዴው አባቱ ስታደርገው ያየው ልማድ ነው። የጅል ነገር ነው ብትሉት አይቀየምም፤ ቁልፏንም አይሰፋም።

ከደንበኞቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ጎጃሜውን ጎበዜን ነበር። ጎበዜ መቶ አለቃ ሆኖ ኮንጎ ሲዘምት ቁልፏ መሳቢያ ውስጥ ቀረች። ተመልሶ እየሳቀ መጣ፤ ጠይብም ሰፋለት።

አብዮቱ ፈንድቶ ዘውድ ያለበት ቁልፍ ሁሉ ይውረድ ሲባል፣ ከጎበዜ ኮት ላይ አንድ በአንድ የፈታው ጠይብ ነው። ጎበዜ ፊቱን ወደ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አዙሮ ቆመ። ለንጉሡ አብረውት የማሉ ጓደኞቹ ታስረው ነበር፤ አንዳንዶቹ በዚያው ቀርተዋል።

«እኔን ለምን እንደተወኝ እግዜር ይወቅ» አለ።

«ቁልፍዎን ማን ሊወስድልኝ ነው ታዲያ?» አለው ጠይብ። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልዘለቀም።

ሶማሌ ሲወር ጎበዜ ሻምበል ሆኖ ኦጋዴን ወረደ። እያነከሰ ተመለሰ። ያቺም ቁልፍ ተሰፋች።

በ1980 ግን ነገር ተበላሸ። ሻለቃ ጎበዜ ወደ ሰሜን ታዘዘ፤ ከጉዞው በፊት ሰልፍና ፍተሻ ነበረበት።

«ጠይቤ፣ ዛሬ ሁሉንም ስፋ። ቁልፍ የጎደለው ሻለቃ ወታደር ፊት አይቆምም።»

«ሻለቃ፣ ይችን እንኳ ይተዉልኝ።»

«ስፋ አልኩህ!»

እስከዚያ ቀን ተቆጥቶት አያውቅም። ጠይብ ሰፋ። የዚያን ዕለት ምሳውን አልበላም።

ከዚያ በኋላ ጎበዜ የውሃ ሽታ ሆነ። ሚስቱ እታለም በየሳምንቱ እየመጣች «የሰማኸው ነገር አለ?» ትለዋለች፤ ጠይብ ቀና ብሎ ማየት ያፍራል።

«እኔ ነኝ መመለሻውን የሰፋሁበት» ይላል ለሚስቱ ለሀጅራ።

«አንተ ሰውዬ፣ አላህ ነህ እንዴ?» ትለዋለች። እውነቷን ነው። እሱ ግን አልተጽናናም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ መሳቢያውን በከፈተ ቁጥር ሆዱ ይባባል።

ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ተበተነ። መርካቶን መለዮ ለባሽ ለማኝ ሞላት። አንድ ረፋድ ከአትክልት ተራ በኩል አንድ ጢማም ሰው እያነከሰ መጥቶ ጠይብ ፊት ቆመ። ኮቱ ተቀዳዷል፣ ማዕረግ የለውም። ጠይብ ቀና ሳይል ሳንቲም ሊሰጠው እጁን ኪሱ ከተተ። ሰውየው ቀደመውና ከራሱ ኪስ አንዲት ቁልፍ አውጥቶ የስፌት መኪናው ላይ አኖራት። የጠይብ ክር አሁንም አለባት።

«ሰልፉ እንዳለቀ ካሚዮኑ ላይ ሆኜ በጥርሴ በጠስኳት» አለ። «በል፣ ስፋልኝ።»

ጠይብ መርፌ አነሳ። እንባው አላሳይ ብሎት ቀዳዳው ጠፋበት። ክሩን ጎበዜ አስገባለት።