ጋሽ ሽፋን እና የልጆቹ ምርጫ

ከዩኒቨርሲቲው ዋና በር ፊት ለፊት፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በጫማ መጠገኛ መካከል የተሸጎጠች አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ባለቤቷ ጠራዥ ነው። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ያመጡለታል፤ እሱ ይሰፋል፣ ሙጫ ይቀባል፣ ካርቶንና ጨርቅ ያለብሳል፣ ጀርባው ላይ በወርቃማ ፊደል ስማቸውን ያትማል። «ጋሽ ሽፋን» ይሉታል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ አሁን ሚስቱም ስትናደድ በዚሁ ስም ነው የምትጠራው።

ጋሽ ሽፋን ከጠረዛቸው ጽሑፎች አንዱንም አንብቦ አያውቅም። እሱ የሚያየው ቀለማቸውን ነው። በዩኒቨርሲቲው ደንብ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የራሱ የሽፋን ቀለም አለው፤ ታሪክ ቡናማ፣ ሕግ ጥቁር፣ ሒሳብ አያያዝ አረንጓዴ፣ ምህንድስና ሰማያዊ፣ ኮምፒውተር ግራጫ። ሥራ በጀመረበት ዘመን መደርደሪያው ከላይ እስከ ታች ቡናማ ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ ያለፈውን ካላወቅሁ ሞቼ እገኛለሁ ያለ ይመስል ነበር። ከዚያ ጥቁሩ መጣ፤ ተማሪው በሙሉ ጠበቃ ሊሆን ተነሳ፣ ይህን ሁሉ ጠበቃ የሚያበላ ተከሳሽ ከየት እንደሚመጣ እግዜር ይወቀው። ጥቁሩን አረንጓዴው ገፋው፣ አረንጓዴውን ሰማያዊው ዋጠው። ዘንድሮ ደግሞ ግራጫው መደርደሪያው አልበቃው ብሎ ወለል ላይ ተከምሯል። የቡናማው ጨርቅ ጥቅል ጥጉን ይዞ አቧራ ይጠጣል።

ሰውዬው ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ተምሬያለሁ ይላል፤ ነገን ማወቅ የፈለገ መጥቶ የእሱን መደርደሪያ ይይ። ይህን ለደንበኛው፣ ለጎረቤቱ፣ ለፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር ሰብኳል። የመጀመሪያ ልጁንም በሰማያዊው ዘመን በዚሁ እምነት እጁን ይዞ ምህንድስና አስገባው። ልጁ ካርታ ይወድ ነበር። ጂኦግራፊ ልማር ቢል «ካርታ የትም አያደርስህም» ብሎ ሳቀበት። ልጁ እሺ ብሎ ገባ፣ ተማረ፣ ተመረቀ። ከእሱ ጋር ለተመረቀው መሐንዲስ ሁሉ ሥራ ለማግኘት ግን ከተማውን አፍርሶ እንደገና መሥራት ያስፈልግ ነበር። አሁን ስልክ ይጠግናል። እጁ ወርቅ ነው፤ ቤት ሲገባ ግን አባቱን ከሰላምታ አልፎ አያነጋግረውም። ጋሽ ሽፋን ነገሩን የዕድል ጉዳይ ነው ብሎ ያልፈዋል። በአፉ ያልፈዋል እንጂ ሆዱ አላለፈውም።

ዘንድሮ ተራው የልጅቷ ሆነ። ትንሿ ልጁ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ የትምህርት ክፍል የምትመርጥበት ጊዜ ደረሰ። ትምህርት ሲዘጋ ሱቅ እየመጣች ታግዘዋለች፤ ሙጫው እስኪደርቅ ድረስ ከሚጠረዙት ጽሑፎች አንዱን አንስታ ታነባለች፣ አልፎ አልፎ የሚመጣ ቡናማ ሽፋን ካገኘችማ ብትጠራም አትሰማም። አንድ ቀን እራት ላይ ታሪክ ብማርስ ብላ ጀመረች። አባትየው ያላመጠውን እንኳ ሳይውጥ «እሱ ሞቷል ልጄ» አላት። ሞቷል ከተባለ ምን ይባላል? አንገቷን ደፍታ መብላቷን ቀጠለች።

ከዚያ ወዲህ እሱም እረፍት አጣ። ሰኞ «ኮምፒውተር ግቢ» አላት። ማክሰኞ የፋርማሲ ተማሪዎች ሐምራዊ ሽፋን ፈልገው ተንጋግተው ሲመጡበት ልቡ ተሰቀለ፤ ሱቁን ገርበብ አድርጎ ቤቱ ገሰገሰና «ፋርማሲ ግቢ» አላት። ረቡዕ ተመልሶ ኮምፒውተር ሆነ። ሥራ ላይ ቁጭ ብድግ ይላል፣ ሽፋን ገልብጦ ይለጥፋል፣ የአንዱን ስም በሌላው ጀርባ ያትማል። ሚስቱ ልጅቷን ነው ወይስ ጨርቅ ነው የምትለካው ብላ ብትቆጣው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ልጅቷ ላለው ሁሉ «እሺ አባዬ» ትለዋለች። ያ እሺታ ደስ ሊያሰኘው ሲገባ እየበላው ሄደ።

የምርጫው የመጨረሻ ቀን ሌላ ዘዴ መጣለት። ልጅቷ ወንድሟን ትሰማለች፤ ስለዚህ ወንድሟ ይምከራት ብሎ ታላቅየውን ሱቅ ድረስ አስጠራው። ልጁ መጣ። ወንበር ቢስብለት አልተቀመጠም። አባትየው የግራጫውን ክምር በእጁ መታ መታ እያደረገ፣ ዘመኑ የማን እንደሆነ በዓይንህ ታያለህ፣ ሂድና በኮምፒውተር እንድትጸና ንገራት አለው። ልጁ ክምሩን ትንሽ አየት አደረገና ወደ አባቱ ዞረ።

«አባዬ፣ እነዚህ ልጆች መቼ ነው ኮምፒውተር የመረጡት?»

«ይኸው እያመጡት አይደል?»

«አሁንማ እየወጡ ነው። የመረጡት ከአራት ዓመት በፊት ነው። አንተ የምታየው የሚወጣውን ነው እንጂ የሚገባውን አይደለም። እኔ ስገባም እንደዚሁ ነበር። ሰማያዊው እዚህ ሲከመር ውጭ ሥራው አልቋል።»

ጋሽ ሽፋን እጁን ከክምሩ ላይ አነሳ። ዕድሜውን ሙሉ ነገን አየሁ ሲል የኖረው ያለፈውን እያየ ነበር። ሰው እንዴት እንዲህ ይጃጃላል አለ በሆዱ።

«ይህን መቼ ነው ያወቅከው?»

«ሁለተኛ ዓመት ላይ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«ለገባው ለወጣው ‹መሐንዲሱ ልጄ› ትል ነበር። እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

ልጁ ይህን ያለው ሳይቆጣ ነው። ቢቆጣ ለአባትየው ይቀለው ነበር። ይቅርታ ሊለው አፉን ከፈተ፤ ግን ሬጅስትራሩ ሊዘጋ ጥቂት እንደቀረው ትዝ ሲለው «ሱቁን ያዝልኝ» ብቻ ብሎ፣ ሙጫ የጠጣ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ መንገዱን ተሻግሮ ሮጠ።

አመል አይለቅም መቼም፤ ግቢውን ሳያጋምስ ልቡ ማስላት ጀመረ። ግራጫው እየወጣ ከሆነ፣ ቡናማውም ከጠፋ፣ ታሪክ የሚያውቅ ሰው ነገ በመብራት ሊፈለግ አይደል? እዚህ ላይ ሲደርስ በራሱ አፈረና ሩጫውን ጨመረ።

ልጅቷ ከሬጅስትራሩ መስኮት ትይዩ አግዳሚው ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ጓደኞቿ መርጠው ሄደዋል። እሷ ገና ነች።

«ታሪክ ግቢ» አላት፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ዛሬ ደግሞ ታሪክ ነው?»

«ያዋጣል ብዬ አይደለም። ስለምትወጂው ነው። እስካሁን ያልኩሽን ሁሉ ተይው። ተሳስቼ ነበር።»

ከመቀመጫዋ ዘላ ትጠመጠምብኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«እወድ ነበር» አለችው። «አሁን ግን እንጃ። አንድ ነገር ደስ ሲለኝ ወዲያው ነገ ምን ይሆናል እላለሁ። ታሪኩም ኮምፒውተሩም ፋርማሲውም አንድ ሆነብኝ። ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ቁጭ ብዬ የምወደው የትኛው እንደነበረ ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው፣ አባዬ።»

 ጋሽ ሽፋን ሽርጡን ፈትቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

ከመስኮቱ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ብቅ ብሎ ያልመረጠ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች፣ ወደ መስኮቱም ሄደች። ጋሽ ሽፋን ታሪክ የምትለዋን ቃል ከአፏ ለመስማት እየጓጓ ከኋላዋ ተጠጋ። እሷ ጎንበስ አለችና በትሕትና ሰውዬውን ጠየቀችው።

«ይቅርታ፣ ዘንድሮ ብዙ ሰው የመረጠው የትኛውን ነው?»