ያልተዘጋው ማይክ

ዩኑስ ሙአዚኑ ሲያስል ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል። ባትሊ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ አዛን፣ የሰላት ጥሪው፣ ከመስጊድ ጣሪያ በድምፅ ማጉያ አይለቀቅም፤ በየቤቱ ኩሽና፣ ከቅመም ጣሳው ጎን፣ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ትቀመጣለች፤ ድምፁ የሚመጣው በእሷ ነው። ዩኑስ አዛኑን አሳምሮ ይላል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ማይኩን መዝጋት ይረሳል። ስለዚህ ከህንዷ ጉጅራት መጥተው እንግሊዝ አገር የከረሙት የባትሊ ሙስሊሞች፣ ዩኑስ ሲያንጎራጉር፣ ጉልበቱን ሲረግም፣ ስለ ክሪኬት ሲከራከር እየሰሙ ሽንኩርት ይከትፋሉ። አንድ ረመዳን ላይ «የመስጊዱ ሊቀመንበር ሚስት ሳምቡሳ ጥርስ ይሰብራል» ብሎ ለኢማሙ ሲያማ ሁሉም ሰማው። ሴትዮዋ አልተቀየመችም፣ ወይም እንዳልተቀየመች አስመሰለች፤ በየሳምንቱ አርብ «ለጥርስህ» ብላ አንድ ሳህን ሙሉ ሳምቡሳ ትልክለት ጀመር። እሱም እያመሰገነ በላው፤ ሌላ ምን ያደርጋል።

ታላቅ እህቱ ዙለኻ ሙንሺ «ይህ ልጅ ማይኩን ክፍት እንደተወ ይሞታል» ትል ነበር። ልጅ የምትለው ስድሳውን ያለፈ ሰውዬ ነው።

ዙለኻ ዕድሜዋን የፈጀችው አልጋ ፋብሪካ ውስጥ ፍራሽ ስትሰፋ ነው። ጡረታ ስትወጣ ቤት መቀመጥ አልሆነላትም። ከሥጋ ቤቱ በላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ሙስሊም በመሆኑ ብቻ የተመታ፣ የተተፋበት፣ መስኮቱ የተሰበረበት ሰው የሚደውልበት ስልክ እዚያ ነው ያለው። ስልኩን የምታነሳውና የሰማችውን የምትመዘግበው እሷ ሆነች። ታክሲ ነጂው ይደውላል፤ ተሳፋሪው ከኋላ በጠርሙስ ማጅራቱን ሰንጥቆት ጥርሱን እያንገጫገጨ ያወራል። አንዲት እናት ትደውላለች፤ ጋሪ ላይ የተኛ ሕፃኗ ፊት ላይ ቢራ ደፍተውበታል። ሁሉም የተደረገውን ይነግሯታል። የተባለውን ግን መናገር ይከብዳቸዋል።

ሳፊያ የምትባለው አዲስ ሙሽራ የደወለች ቀን እንዲሁ ሆነ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አንድ ሰው ሻሿን ጎትቶ ሲነጥቃት የጆሮ ጌጧ አብሮ ሄደ፤ የጆሮዋ ጫፍ ለሁለት ተሰንጥቆ ደሙ ደረቷ ድረስ ወርዷል።

«ሲጎትትሽ ምን አለሽ?» አለች ዙለኻ።

«ደስ የማይል ነገር።»

«ደስ የማይል? ዝናቡም ደስ አይልም፣ ባትሊ ነው ያለነው። ሰውዬው ምን አለሽ?»

«ዙለኻቤን፣ አማቴ እዚህ ተቀምጠዋል።» ቤን ማለት በጉጅራት ቋንቋ እህት ማለት ነው፤ ትልቅ ሴት የምትጠራው እንዲህ ነው።

«ሳሎን ይሂዱ።»

«አይሄዱም።»

«እንግዲያው ያዳምጡ። ቃሉን ንገሪኝ፣ ልጄ። ልክ እሱ እንዳለው።»

ሳፊያ አለቀሰች። ከዚያ ተናገረችው።

ዙለኻ ጨካኝ ሆና አይደለም። መስኮት በጡብ ሲሰበር ለፖሊስ የተሰበረ መስኮት ነው፤ ጡቡን የወረወረው ሰው አብሮ የወረወረው ቃል ሲጨመርበት ነው የወንጀሉ ስም የሚለወጠው። ቃሉ ከጠፋ ሁሉም ተራ ጠብ፣ ተራ ሌብነት ሆኖ ይቀራል፤ ዓመቱ ሲያልቅም አንዱ ባለሥልጣን ብድግ ብሎ «በከተማችን እንዲህ ያለ ችግር የለም» ይላል። ዙለኻ ይህንን ንግግር ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ስለዚህ በቃሉ ጉዳይ ለማንም አትራራም ነበር።

በጥቅምት አንድ ሐሙስ፣ ከሰዓቱ ሰላት ተሰግዶ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ዙለኻ ለእራት ሽንኩርት ታቁላላለች። ሬዲዮዋን አልዘጋችም። ዩኑስ እያንጎራጎረ ምንጣፉን በቫኪዩም ይጠርጋል። «ዛሬም ረሳው» አለችና ፈገግ ብላ እሳቱን ጨመረች።

በር ሲከፈት ተሰማ።

«ልጆቼ፣ ጫማችሁን» አለ ዩኑስ፤ ድምፁ እንግዳ የሚቀበል ሰው ድምፅ ነው። «ምንጣፍ ነው፣ አውልቁልኝ።»

የሁለት ሰው ሳቅ መጣ። «ጫማ ነው የሚለው» አለ አንደኛው። «እንካ ጫማ።»

የመጀመሪያው ምት እንደ ምት አልተሰማም፤ የተሰማው አየር ከሰው ደረት ሲወጣ ነው። ሁለተኛው ግን ተሰማ። የቫኪዩሙን ቱቦ ነቅለው በብረቱ ነው የመቱት፤ ዙለኻ ፋብሪካ ሳለች የፍራሽ ሽቦ ሲበጠስ የምትሰማው ዓይነት ደረቅ ድምፅ ነበር፤ አሁን የተሰበረው ግን የወንድሟ መንጋጋ ነው። ቱቦው ይነቀል እንጂ ማሽኑን ያጠፋው የለም፤ ከሥር እያጓራ ነው።

«በቀን አምስቴ ትጠራው የለ? ጥራው፣ ይምጣና ያንሳህ።»

ዩኑስ አንድ ነገር ሊል ሞከረ። ቃሉ ከደምና ከጥርስ ጋር ተለውሶ ወጣ።

«ምን አለ?»

«ጫማህን አውልቅ ነው የሚለው።»

እንደገና ተሳሳቁ። ከዚያ አንደኛው አዛኑን ያላግጥበት ጀመር፤ ዜማውን አጣሞ፣ በነቢዩ ስም ቦታ እዚህ የማይጻፍ ነገር እያስገባ፣ በየሐረጉ መጨረሻ ይረግጠዋል። ዜማ፣ ርግጫ። ዜማ፣ ርግጫ። ጣቶች ከተረከዝ ሥር ሲደቅቁ ዩኑስ እንደ ሕፃን ጮኸ። ሌላው «ይኸው አንድ ሙስሊም ቀነስን» አለ። «አርብ ደግሞ ሞልተው ሳሉ መጥተን ከነቤታቸው እናነዳቸዋለን።»

ዙለኻ ድስቱን እሳት ላይ ትታ በነጠላ ጫማ ወጣች። መንገዱ በሴት ተሞልቷል። ሁሉም ከኩሽና ነው የወጡት፤ አንዷ ጭልፋ፣ አንዷ ሊጥ የተጣበቀበት መዳመጫ፣ ጎረቤቷ አሮጊቷ ሃዋቤን ደግሞ የሚንጠባጠብ ወንፊት ይዛለች። ሁሉም ሰምተዋል። ማንም ለማንም ምን እንደሰማ ሳይናገር ወደ መስጊዱ ሮጡ።

ሰዎቹ የምጽዋት ሣጥኑን ይዘው አምልጠዋል። ዩኑስ በግንባሩ ተደፍቷል፤ አገጩ ከቦታው ወጥቶ ወደ ጆሮው ዞሯል፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ወደማይታጠፉበት ታጥፈዋል። ቫኪዩሙ አጠገቡ እያጓራ የረጠበውን ምንጣፍ ይስባል። ዙለኻ መጀመሪያ ያደረገችው ማሽኑን ማጥፋት ነው። ከዚያ ነው ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ መጮህ የጀመረችው።

ሁለቱ ሰዎች በማግስቱ ከነሣጥኑ ተያዙ። ሳጅን ሆልሮይድ ክፉ ፖሊስ አይደለም፤ ሻይ ሲሰጡት ይጠጣል፣ ስም ሲጠራ ተጠንቅቆ ነው። መስጊድ መጥቶ ሴቶቹን ሰበሰባቸው።

«ገንዘብ ፈልገን ገባን፣ ሽማግሌው ተገፍቶ ወደቀ ነው የሚሉት» አላቸው። «ካሜራ የለም፤ ድምፁም አልተቀዳም። እንደ ዘረፋ ነው የያዝኩት። ሌላ ነገር ከሆነ ደግሞ የሰማ ሰው ይንገረኝ።»

«ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል» አለች ዙለኻ።

«ምን ሲሉ?»

ሃዋቤን «እኔ ሩዝ እያጠብኩ ነበር፣ ቧንቧው ይጮሃል» አለች። ሌላዋ «መጥፎ ነገር ነው ያሉት» አለችና ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ጣለች። ሳጅኑ ወደ ዙለኻ ዞረ። ዙለኻ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ በዚያ ጠማማ ዜማ ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ ሲዞር አድሯል። ግን መስጊድ ውስጥ፣ ዩኑስ በሚቆምበት ቦታ አጠገብ፣ በወንድ ፊት፣ ስለ ነቢዩ ያንን ማለት አቃታት።

«ደስ የማይል ነገር ተናገሩ» አለች።

ሳጅኑ ጻፈው። ሲጽፈው አየችው።

ሆስፒታል ስትሄድ ዩኑስ መንጋጋው በሽቦ ታስሯል። በግራ እጁ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ልታስቀው ብላ «በአንተ የተነሳ ሽንኩርቴ አርሮ ኩሽናዬ ሊነድ ነበር» አለችው። አልሳቀም። «ሌቦች በያቸው» ብሎ ጻፈ።

«ሌባ ብቻ አይደሉም።»

«ሣጥን ወስደዋል።»

«ሌባ ሣጥኑን ይዞ ይሄዳል፣ ዩኑስ። ቆሞ በአዛን አይዘፍንም።»

ሰሌዳውን በእጅጌው ጠረገ። «ያንን ነገር በአፍሽ ልትይው?»

«ያሉት እነሱ ናቸው።»

«ከአንቺ አፍ ከወጣ የአንቺ ነው።» ጠረገና እንደገና ጻፈ፤ ፊደሎቹ ተወላግደዋል። «ካልሽው እኔ ጋ አትምጪ።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በዚያው ሰሞን ሳፊያ ሩዝና ምስር በድስት ይዛ ልትጠይቃት መጣች። ኩሽና ውስጥ ቆመው ዙለኻ ሁሉንም ነገረቻት።

«ለፖሊሱ ምን አልሽው?» አለች ሳፊያ።

«ደስ የማይል ነገር ተናገሩ አልኩት።»

ሳፊያ ድስቱን አስቀመጠች። ሻሿን ገለጥ አድርጋ የተሰፋውን ጆሮዋን በጣቷ ዳሰሰች። ድምፅዋን ሳታነሳ «ዝናቡም ደስ አይልም፣ ዙለኻቤን» አለች። «እንድለው ያደረግሽኝ አማቴ ፊት ነው።»

ዙለኻ ሩዙን ሳትቀምስ ስልኩን አነሳችና ሳጅን ሆልሮይድን ቤቷ ጠራችው። ሴቶቹንም ጠራች።

ኩሽናው ውስጥ፣ ሬዲዮዋ በተቀመጠችበት መደርደሪያ ሥር ቆሙ። ዙለኻ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። «እንደሰማሁት ነው የምናገረው» አለች፤ ከዚያ ሁሉንም አለችው፣ ከጫማው ጀምሮ፣ ከነዜማው፣ የነቢዩ ስም ሲጠራ ያስገቡትን ሳታስቀር። ድምፅዋ ተሰነጣጠቀ እንጂ አልቆመችም። ስትጨርስ ከንፈሯን በሻሿ ጫፍ ደጋግማ ጠረገችው።

ሃዋቤን ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እንዲህ አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«ቅደም ተከተሉ። መጀመሪያ ዘፈነ። ከዚያ ነው እጁን የረገጠው። ሙስሊም ቀነስን ያለው ዘፋኙ ሳይሆን ያኛው፣ ድምፁ ቀጭኑ ነው።»

«ቧንቧው ይጮሃል ብለሽ አልነበር?»

«ዘጋሁታ። ለምን የዘጋሁት ይመስልሻል?»

አንዷ «ከነቤታቸው እናነዳቸዋለን ነው ያለው» ስትል ሌላዋ «አርብ ብሏል፣ አርብ የሚለውን አትዝለይ» አለች፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በእያንዳንዷ ቃል እየተራረሙ ተናገሩ። ሳጅኑ እጁን አንስቶ «ቀስ በሉልኝ፣ አልደረስኩም» አለ። «ሰውዬ፣ እኛም ስንሰማው ቀስ አላሉልንም» አለችው ሃዋቤን።

ፍርድ ቤት ሰዎቹ ስለ ሣጥኑ አመኑ። ስለ ቀረው ሴቶቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ተናገሩባቸው፤ ዳኛዋም የእስራቱን ዘመን ስታረዝም ምክንያቱን የሃይማኖት ጥላቻ ብላ አነበበችው። ተራ ዘረፋ አላለችም። ዙለኻ ያንን ሰምታ ወጣች። ዩኑስ ግን አላናገራትም። ከሆስፒታል ሲወጣ የወሰደው ልጁ ነው፤ በዒድ ቀንም ይዛ የሄደችውን ምግብ ይኸው ልጅ ተቀብሎ በሩ ላይ ቆሞ ነው የመለሳት።

የብርዱ ወራት አልፎ ዩኑስ ሲበረታ ወደ ማይኩ ተመለሰ። አዛኑ እንደ ድሮው አይደለም፤ መንጋጋው ጠማማ ስለገጠመ አንዳንዱ ፊደል ያመልጠዋል፣ ትንፋሽ ሲስብ ያፏጫል። በየኩሽናው ሴቶች እጃቸውን ከሥራ አንስተው ሰሙት።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሰላቱ አልቆ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ዙለኻ ሽንኩርት ታቁላላለች። ሬዲዮዋን አልዘጋችም። ቫኪዩም ተነሳ፣ ትንሽ ጠረገ፣ ቆመ። ዩኑስ አሳለ። ወደ ማይኩ ሲጠጋ እርምጃው ይሰማ ነበር።

«ዙለኻ» አለ በዚያ ጠማማ አፉ፣ ሰፈሩ በሙሉ እየሰማ። «ሽንኩርቱ እንዳያርርብሽ።»

ዙለኻ እሳቱን ቀነሰች። በዚያ መንገድ ላይ አብረዋት ስንት ሴቶች እንደቀነሱ አይታወቅም።