በጥሬ ኮባ የተጠቀለለው ሥዕል

ስለ እህቴ ስለ ስንቄ ልጽፍ ነው። ጽሑፍ ብዙም አይሆንልኝም፤ የገደፍኩት ካለ እለፉኝ። እሷ ግን ሊጻፍላት ይገባል ብዬ ነው።

ስንቄ ጎሬ መናኸሪያው በር ላይ ዳቦ ትሸጣለች። ወላጆቻችን ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ እሷ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት። አማርኛዋ ዛሬም ወሎ ወሎ ይላል። ስትናደድ ግን በኦሮምኛ ነው የምትቆጣው።

ዳቦዋን በኮባ ቅጠል ነው የምትጠቀልለው። የኮባ ውሃ እጅ ላይ ሲደርቅ ይጠቁራል፣ በምንም አይለቅም። የማያውቃት ሰው "እጅሽን ታጠቢ እንጂ!" ይላታል። ስለዚህ ሰው መሀል ስትሆን እጇን ነጠላዋ ሥር ትደብቃለች።

ልጇ ኢብሴ ሥዕል ትወዳለች። መንግሥት በየዓመቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በሥዕል ያወዳድራል፤ የዳሪሙም፣ የያዮም፣ የጎሬም ልጆች መቱ ይሰበሰባሉ። ኢብሴ ቀደም ሲል ሞክራ አልሆነላትም ነበር። አምና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለነበረች የመጨረሻ ዕድሏ ነበር። የሣለችው የእናቷን እጆች ነው፣ ዳቦ ሲጠቀልሉ።

ወደ መቱ የምንሄድበት ቀን ዋዜማ ዝናቡ አልቆም አለ። የኛን አገር ዝናብ መቼም ታውቁታላችሁ። ስንቄ ከጓሮ ኮባ ቆርጣ ሥዕሉን ግጥም አድርጋ ጠቀለለችው። ለዳቦ ሲሆን ቅጠሉን እሳት ላይ አሳልፋ ታጠወልገዋለች። ያን ቀን ግን "ወረቀቱ ጭስ ጭስ ይላል" ብላ በጥሬው አደረገችው። እኔና ኢብሴም አጠገቧ ሆነን የቅጠሉ ውሃ ወረቀቱን እንደሚነካው አልታየንም።

በማግስቱ ጠዋት መቱ፣ የውድድሩ አዳራሽ በር ላይ ሥዕሉ ሲፈታ፣ የኮባው ውሃ ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ጠቁሯል። በተሣሉት እጆች ላይ ጥቁር ቡናማ መስመር ተጋድሟል።

"ልጄን ገደልኳት!" አለች ስንቄ።

"ኧረ ቀስ በይ እታለም፣ ሰው ይሰማል" አልኳት።

"ሳሙና ቢነካው አይለቅም?"

"ልብስ መሰለሽ እንዴ?"

ኢብሴ ሥዕሉን ወደ ብርሃኑ አዙራ ትክ ብላ አየችው። ልታለቅስ ነው ብዬ እኔ ወደ መሬት አየሁ።

"እማዬ፣ እጅሽን አሳዪኝ እስቲ" አለቻት።

"ምን ያደርግልሻል? በዚህ ቀን!"

"አሳዪኝ አልኩ።"

ስንቄ እያፈረች አወጣች። ኢብሴ የእናቷን እጅ ይዛ ከሥዕሉ ጎን አደረገችው። እሷ የሣለችው ንጹሕ እጅ ነበር፣ የቢሮ ሰው እጅ የመሰለ።

"እኔ እኮ አሳምሬ ዋሽቼ ነበር" አለች። "አሁን ያንቺን መሰለ።"

"አታሹፊብኝ፣ ኢብሴ።"

"አላሾፍኩም፣ እማዬ።" እንዲሁ ይዛው ገባች፤ እኛም ተከተልናት።

ከዳኞቹ አንዷ ወይዘሮ ዓያንቱ፣ ቡናማውን በጣታቸው እያሳዩ፣ በምን ቀለም እንደ ሠራችው ጠየቋት።

"ቀለም አይደለም። የኮባ ውሃ ነው፣ እናቴ ስትጠቀልልልኝ የነካው" አለቻቸው። "እጇም እንደዚህ ነው።"

ወይዘሮ ዓያንቱ ቀና ብለው ስንቄን ፈለጓት። እሷ እኔ ጀርባ ተደብቃለች።

ኢብሴ ሦስተኛ ወጣች። ስሟ ሲጠራ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ስንቄ ግን ደርቃ ቀረች። በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። ያኔ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ እጆቿን ከፍ አድርጋ፣ ሰው ሁሉ ካቆመ በኋላም ብቻዋን አጨበጨበች።